ትኬት ልቆርጥ ሄጄ የተወጋሁት የወታደር መርፌ

ባለፈው ሰሞን ከጤና ጣቢያ የመጣች ልጅ በራችንን አንኳኩታ ገባችና አጠገቤ ተቀመጠች። የቤቱን ሰው ሁሉ ጤንነት ስትጠይቅ ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ፣ ከዚህ በፊት ክትባት ወስደው ያውቃሉ?»

«አንድ ጊዜ» አልኳት።

«የምን ክትባት?»

«የወታደር።»

ከወረቀቷ ቀና አለች። «ወታደር ነበሩ እንዴ?»

«አልነበርኩም።»

«ታዲያ እንዴት ወሰዱ?»

«ትኬት ልቆርጥ ሄጄ ነው።»

ልጅቷ እኔን ትታ ልጄን አየቻት። ልጄም እሷን አየቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ «እማዬ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? ቁልፉን የት አስቀመጥሽው?» እያለች በየጠዋቱ ትፈትነኛለች። ቁልፉ የት እንዳለ አውቃለሁ። ቀኑንም አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከነአመጣጡ ጽፌ ባስቀምጠው ይሻላል አልኩ። አንብበው ከጨረሱ በኋላም ካልገባቸው አልፈርድባቸውም። እኔም እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልገባኝም።

የዛሬ የአቃቂ ልጆች ባቡር ሲባል ቃሊቲ ድረስ የሚመጣውን የኤሌክትሪኩን ነው የሚያውቁት። እኔ የማወራው ስለዚያኛው ነው፤ ጅቡቲ ድረስ ስለሚወርደው፣ ሲመጣ ከሩቅ ስለሚያጓራው። የአቃቂ ጣቢያ ትኬት የሚቆረጥበት መስኮት ነበረው። መስኮት እለዋለሁ እንጂ ግድግዳ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ነበር። ከውስጥ በኩል ወፍራም ሳንቃ ስለሚጋርደው ሻጩ አይታይም፤ ሻጩም እኛን አያይም። የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው፦ ገንዘቡን በመዳፍ ይዞ ክንድን ማስገባት፣ የሚሄዱበትን ከተማ ጮክ ብሎ መናገር፣ ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ። ጥቂት ቆይቶ ትኬቱ መዳፍ ላይ ያርፋል። ከዚያ መስኮት ስንት ጊዜ ትኬት ቆርጫለሁ፤ የሻጩን ፊት ግን አይቼ አላውቅም። ጣቶቹን ነው የማውቃቸው። ቀዝቃዛ ነበሩ።

ታዲያ ክንድ ሲባል ቀኝ ክንድ ነው። ሰውየው ባያየንም የሚቀበለን ሰው ነውና በግራ እጅ ገንዘብ መስጠት ነውር ነበር። ይህን የሚነግረን አያስፈልግም ነበር። እናቴ በጨለማም ቢሆን ለሰው ዕቃ ስታቀብል በቀኟ ነበር።

ያን ቀን ሞጆ የምሄደው ለሥራ ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ሞጆ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የአንደኛ ክፍል አስተማሪ እንደሚፈልግ ተሰማ። ርዕሰ መምህሩ በዘመድ በኩል «ሰኞ ከስድስት ሰዓት በፊት ትምጣና ልያት። ከዚያ ካለፈ ለተገኘው እሰጠዋለሁ» ብለው ላኩብኝ። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ «መልካም ነው፤ ሂጂ። ካልሆነ ግን ማክሰኞ ጠዋት ከእኔ ጋር ፈትል ክፍል ትገቢያለሽ፤ አለቃዬን ነግሬዋለሁ» አሉኝ።

አባቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ፈትል ክፍልን ግን አንድ ጊዜ ምሳ ላደርስላቸው ገብቼ አይቼዋለሁ። ከማሽኑ ጩኸት የተነሳ ሰዎቹ የሚነጋገሩት አንዱ የሌላውን ከንፈር እያየ ነው። እኔ እንኳንስ እዚያ ገብቼ በቤቴም ብዙ አልናገርም። እዚያ ብውል ድምፅ እንዳለኝም የምረሳ መሰለኝ። ስለዚህ የጠዋቱ ባቡር ሊያመልጠኝ አይገባም ነበር። ከእሱ ሌላ ከስድስት ሰዓት በፊት ሞጆ የሚያደርስ ባቡር አልነበረም።

ጣቢያው ስደርስ ከትኬቱ መስኮት የተነሳ ሰልፍ የዕቃ መጋዘኑን ዞሮ እስከ ባሕር ዛፎቹ ደርሷል። ሰልፈኛው ሁሉ ወንድ ነው፤ ሁሉም ወጣት ነው፤ ሁሉም ግራ እጅጌውን እስከ ትከሻው ሰብስቧል። ሞቋቸው ነው አልኩ። ጠዋት ነበር፤ ብርድ ነበር። ግን ሌላ ምክንያት አልመጣልኝም።

ከሰልፉ መጨረሻ ቆምኩ።

«እኅቴ፣ እለፊ!» አለኝ ከፊቴ ያለው።

«ተራዬን እጠብቃለሁ።»

«ኧረ በእመቤቴ እለፊ! እኛ አንቸኩልም።»

አለፍኩት። ከፊቱ ያለውም «እለፊ እንጂ!» አለኝ። ከዚያም ፊት ያለው። እንዲህ ያለ ትሕትና በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። እርስ በርሳቸውም «አንተ ቅደም»፣ «የለም አንተ ቅደም» ይባባላሉ፤ አንዳንዱ ጓደኛውን ከኋላ እየገፋ ያስቀድመዋል። እንደዚህ ያለ አስተዳደግ ከየት አመጡት እያልኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ስተላለፍ መስኮቱ አጠገብ ደረስኩ።

ከፊት የቆመው ገመቹ ይባል ነበር። ስሙን ያወቅሁት ኋላ ነው። ከአቃቂ ጀርባ ካሉት የገበሬ መንደሮች የመጣ፣ ትከሻው ሰፊ፣ እግሩ ጫማ የሌለው ልጅ ነው። መስኮቱን በቆረጣ ያየዋል እንጂ አይጠጋውም።

«አንቺም ትሄጃለሽ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ወደሽ ነው?»

«ወድጄ ነው።»

«እናትሽ አላለቀሱም?»

«ምሳ ቋጥረውልኛል።»

ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «ሰማችሁ? ሴቷ ወዳ ነው የምትሄደው! እናንተ እዚህ ትንቀጠቀጣላችሁ!»

«አንተስ ለምን አትገባም?» አለው አንዱ ከኋላ።

«እኔማ ለሴት ቅድሚያ ሰጥቼ ነው።»

ሞጆ ለመሄድ ይህን ያህል የሚያንቀጠቅጥ ነገር ምን እንዳለ አልገባኝም። ከሞጆ መጥፎ ነገር ሰምቼ አላውቅም ነበር። መጠየቅ ግን አልወድም፤ ወደ መስኮቱ ተጠጋሁ።

«እጅጌ ሰብስብ!» አለ ከውስጥ ድምፅ።

ሻጩ ስለማያየን ወንዱንም ሴቱንም በወንድ መጥራቱ የቆየ ነገር ነው፤ አልተቀየምኩም። እጅጌ መሰብሰቡ ግን አዲስ ነበር። ምናልባት ሰው በእጅጌው ውስጥ የሆነ ነገር እየደበቀ አስቸግሮ ይሆናል አልኩና ሰበሰብኩ። ገንዘቡን በመዳፌ ይዤ ቀኝ ክንዴን አስገባሁ።

የያዘኝ እጅ ሙቅ ነበር። ይህም አዲስ ነው። ክንዴን ጎትቶ ጎትቶ እስከ ትከሻዬ አስገባው፤ ጉንጬ ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ። ከዚያ የክንዴን ላይኛ ክፍል በርጥብ ጥጥ ይጠርግ ጀመር። የአልኮል ሽታ ሸተተኝ። ባቡር ላይ የንጽሕና ደንብ ወጥቷል ማለት ነው አልኩ። ደግ ደንብ ነው፤ ብዙ ሰው ሳይታጠብ ይሳፈራል።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ድምፁ። መዳፌን ከፍቶ ገንዘቡን አገኘ።

«ለሞጆ ነው» አልኩ ጮክ ብዬ።

«ለሞጆም ለሐረርም አንቀበልም! ጉቦ ወንጀል ነው! የመንግሥት ነው፣ በነፃ ነው! ጨብጥ!»

ጨበጥኩ። በነፃ መሆኑ አስደሰተኝ። መንግሥት ሕዝቡን በነፃ በሚያሳፍርበት ቀን መምጣቴ ዕድል ነው ብዬ ሳላበቃ አንድ ነገር ክንዴን ወጋኝ።

አልጮህኩም። በእኛ ቤት በሰው ፊት መጮህ አልተለመደም። «ተው!» ብቻ አልኩ።

«አለቀ፣ አለቀ፤ አንዷ ቀረች» አለና እዚያው ደገመኝ። ቀጥሎ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ቀባኝና ክንዴን ገፍቶ ወደ ውጭ መለሰው። «ቀጣይ!»

ክንዴን አየሁት። ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ በቁስል መድኃኒት ወይን ጠጅ ቀለም የተቀባ ትልቅ መስቀለኛ ምልክት አለ። መዳፌ ላይ ግን ገንዘቤ እንጂ ትኬት የለም።

ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብዬ «ትኬቴስ?» አልኩ።

«የምን ትኬት? ምልክቱ ይበቃል! ሂድ ወደ ፉርጎህ! ቀጣይ!»

ከመስኮቱ ፈንጠር ብዬ፣ ሰልፉ እስኪመናመን ድረስ ቆሜ አሰብኩ። ትኬት ቀርቶ በክንድ ላይ ምልክት ሆኗል። ወረቀት ይጠፋል፤ ለሌላም ሰው ይሸጣል፤ ክንድ ግን አይጠፋም፣ አይሸጥም። አሠራሩ ብልህ መሰለኝ። መርፌው ለምን እንዳስፈለገ ብቻ ነው ያልገባኝ። ቀለሙ በውኃ እንዳይለቅ ይሆናል አልኩ። ባቡሩን የዘረጉት ፈረንሳዮች ያመጡት ነገር ሁሉ መጀመሪያ ላይ እንግዳ ነው። ይህን ያሰብኩት ሁለተኛ ደረጃ ጨርሼ ነው፤ ያልጨረሰ ሰው ምን ያስብ እንደነበር አላውቅም።

የመንገደኛው ፉርጎ በር ላይ ተቆጣጣሪው ቆሟል።

«ትኬት።»

ክንዴን አሳየሁት። ምልክቱን አየ። ፊቴን አየ። እንደገና ምልክቱን አየ።

«ይህ ወደ ኋላ ነው» አለኝ በጣቱ እያመለከተ።

ከኋላ የዕቃ ፉርጎዎች ተቀጥለዋል። በነፃ ከሆነ ቦታ አይመረጥም አልኩና ሄድኩ። እዚያ ደግሞ አንድ ሃምሳ አለቃ በር ላይ ቆመው የሚገባውን ሁሉ «ክንድ! ክንድ!» ይላሉ። ረጅም ናቸው፤ ቀበቷቸው ያብረቀርቃል፤ ማንንም ፊቱን አያዩም። ተራዬ ሲደርስ ክንዴን ዘረጋሁ።

«ግራ ነው የተባለው!» ብለው ተቆጡ። «ግራ! ለምን በቀኝ ተወጋህ?»

«በግራ ገንዘብ አይሰጥም፣ ጌታዬ።»

ያኔ ነው ቀና ብለው ያዩኝ። ከፉርጎው ውስጥ ሳቅ ተሰማ።

«አንቺ ማነሽ?»

«መንገደኛ ነኝ። ሞጆ ነው የምሄደው።»

«ማን ወጋሽ?»

«ትኬት ሻጩ።»

«ትኬት ሻጩ ወጋሽ?»

ሲደግሙት እኔም ትክክል እንዳልሆነ ተሰማኝ፤ ግን ከዚያ የተሻለ መልስ አልነበረኝም። «ዛሬ እንደዚያ ነው አሠራሩ» አልኳቸው።

ሃምሳ አለቃው ዞር ብለው «ድሬሰር!» ብለው ተጣሩ። ከትኬት ክፍሉ ነጭ ካፖርት የለበሰ አጭር የጤና ረዳት መርፌውን እንደያዘ ወጣ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ መገለጥ የጀመረው። ሰልፈኞቹ ለውትድርና የተመለመሉ ልጆች ናቸው። ወደ ማሠልጠኛው ከመሄዳቸው በፊት መከተብ ነበረባቸው። ድሬሰሩ መጀመሪያ ጠረጴዛ ዘርግቶ ሜዳ ላይ ነበር የጀመረው፤ ፊተኛው ሲወጋ ኋለኛው እያየ ግማሹ ወደ ባሕር ዛፎቹ ሸሸ። ስለዚህ የትኬት ክፍሉን እንዲለቁለት ለመነ።

«መርፌዋን ካላዩ አይሸሹም» አለ ድሬሰሩ። «በቀዳዳው ክንዳቸውን ይሰጡኛል፣ እኔ እወጋለሁ፣ እቀባለሁ፣ አሰናብታለሁ።»

«ሴት መሆኗን አላየህም?»

«እኔ የምወጋው ክንድ ነው፤ ፊት አልወጋም። ፊት የሚያዩት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ የማየው ምልክት ነው! ማን እንደሚወጋ የምታውቀው አንተ ነህ!»

«ክንዱ ቀጭን ነው ብያለሁ በሆዴ። ግን ዘንድሮ ዝናቡ አጠረ፤ የገበሬው ልጅ ሁሉ ከስቷል አልኩ።»

እኔ መሃላቸው ክንዴን እንደዘረጋሁ ቆሜያለሁ። ክንዴን ማጠፍ ይቻል እንደሆነ የነገረኝ የለም።

ይህን ሲባባሉ ገመቹ ከመስኮቱ ወደ እኛ መጣ። ጓደኞቹን ሁሉ ሲያስቀድም ሲያስቀድም በመጨረሻ እሱ ብቻ ቀርቶ ነበር። እጅጌው እንደተሰበሰበ ነው፤ ክንዱ ንጹሕ ነው።

«እኔስ?» አለ።

ድሬሰሩ መርፌውን አየ። ከዚያ እኔን አየ። «መድኃኒቱ የመጣው በሰው ቁጥር ልክ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አልቋል።»

«ምልክት የሌለውን ማሠልጠኛው አይቀበልም» አሉ ሃምሳ አለቃው። «በር ላይ ይመልሱታል፤ እኔንም ይጠይቁኛል።»

ከዕንጨት አጥሩ ሥር ተቀምጠው ሲያለቅሱ የነበሩ አንዲት ሴት ይህን ሲሰሙ ብድግ አሉ። የገመቹ እናት ናቸው። ሮጠው መጥተው አንገቴን አቀፉኝ።

«ልጄን ያስቀረሽልኝ! የማን ልጅ ነሽ? ዕድሜሽ ይርዘም! ቤትሽ ይሙላ! ልጆችሽን ከጎንሽ አያርቅብሽ!»

«እማዬ፣ ተዪ!» አለ ገመቹ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እንዴት ነው የምቀረው? በጉ ታርዷል! ጎረቤት ሁሉ በልቶ መርቆኛል! ጫማዬን ለወንድሜ ሰጥቼዋለሁ! በምን ፊቴ ነው የምመለሰው?»

«በመጣህበት ፊት!» አሉት እናቱ።

«ሳይበላ ቢሆን ኖሮ እሺ። ተበልቷል!»

«መርፌዋን ስትፈራ ቆይተህ አሁን ጀግና ሆንክ?» አለው ከፉርጎው ውስጥ አንዱ።

«ፈርቼ አይደለም! ለሴት ቅድሚያ ሰጥቼ ነው!»

በዚህ መሃል የባቡሩ ደወል ተደወለ። የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። ሞጆ፣ ስድስት ሰዓት፣ ርዕሰ መምህሩ። ሃምሳ አለቃውን «ትኬት የሚቆረጠው የት ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ማንም አላወቀም። ወዲያው የዕቃ መጋዘኑ በር ተከፍቶ አንድ ጎልማሳ ሰው እየተንጠራራ ወጣ።

«ዛሬ ሰው ምነው ጠፋ?» አለ። «ከንጋት ጀምሬ እዚህ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አንድ ነፍስ አልመጣም።»

ጣቶቹን አየሁ። ሻጩ ነው።

«ወደ መጋዘኑ መዛወርህ አልተነገረም እኮ» አልኩት።

«እንዴት አልተነገረም? ተነግሯል።»

«ለማን?»

«ለእኔ።»

ገንዘቤን ዘረጋሁለት። ራሱን ነቀነቀ። «ደወል ከተደወለ በኋላ አልቆርጥም። ደንብ ነው። የማታው ላይ ነይ።»

የማታው ለእኔ ፈትል ክፍል ማለት ነበር። ምን እንደተሰማኝ አላውቅም፤ ቆሜ ክንዴን ይዤ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ፤ መሞቅና መክበድ ጀምሮ ነበር። ሃምሳ አለቃው ሰዓታቸውን አዩ፣ ገመቹን አዩ፣ እኔን አዩ። ፊታቸው ላይ የታየው የውሳኔ አይመስልም፤ የመሰልቸት ነበር።

«ሻምበሉ ሞጆ ላይ ይጠብቁናል» አሉ። «መድኃኒትም በእጃቸው ይኖራል። ይህ ልጅ ይሳፈር፤ እዚያ ይወጋል። አንቺም ተሳፈሪ።»

«እኔ?»

«የጎደለው በአንቺ ነው። እኔ ሄጄ ‹አንዲት ልጅ ትኬት መስሏት ወሰደችው› ብል ማን ያምነኛል? በአፍሽ ትነግሪያቸዋለሽ።»

እንዲህ ሆኖ ነው ወደ ሞጆ የተሳፈርኩት። የገመቹ እናት ነገሩን ሲረዱ ወደ ፉርጎው ተጠግተው «የመረቅሁሽን መልሺ!» አሉኝ። ምርቃት እንዴት እንደሚመለስ አላውቅም ነበር። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ግን ልጃቸውን ትተው ለእኔ «ባክሽ ምሳሽን አካፍዪው!» ብለው ጮኹ። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልተቀየሙኝም ማለት ነው።

በመንገድ ላይ ምልምሎቹ ዘፈኑ። እኔ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ራሴን ያዞረኝ ጀመር፤ ክንዴ እንደ ግንድ ከበደኝ። ገመቹ ዳቦዬን እየበላ ክንዴን ብቻ ያያል።

«አመመሽ?»

«ትንሽ።»

«የእኔ ነበር» አለ በሐዘን። ባቡሩ ባንገጫገጨን ቁጥር «እንዳታጋጪው!» ይለኛል። ክንዴ በአደራ የተቀመጠ ንብረቱ ይመስል እስከ ሞጆ ተጠነቀቀለት።

ዱከም ላይ ጥቂት ቆምን። ደብረ ዘይት ላይ ከዚያ በላይ ቆምን። ፀሐይዋ ከፍ ስትል በፉርጎው በር አያታለሁ።

ሞጆ ሻምበሉ ከዛፍ ሥር ጠረጴዛ አስዘርግተው ተቀምጠዋል። ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ሃምሳ አለቃው ሰላምታ ሰጥተው «አንድ ሰው ያለ ክትባት መጥቷል፣ ጌታዬ። የእሱን ይቺ ልጅ ወሰደችው» አሉ።

«ምን ልታደርግበት?»

«ትኬት መስሏት ነው።»

ሻምበሉ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው፣ ጌታዬ። ከዚያ መስኮት ሌላ ነገር ተሰጥቶኝ አያውቅም።»

«ስንት ጊዜ ተወጋሽ?»

«ሁለት።»

«ከመጀመሪያው በኋላ ለምን ክንድሽን አላወጣሽም?»

ይህን አስቤበት አላውቅም ነበር። «መልሱን እየጠበቅሁ ነበር» አልኩ።

ሻምበሉ በእጃቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳሉ። ከዚያ ሃምሳ አለቃውን «ጮኻለች?» አሉ።

«አልጮኸችም ይላል ድሬሰሩ።»

«እንግዲያው ካመጣህልኝ ሁሉ ይህቺ ትሻላለች። መንገዷን ትሂድ።»

ከጠረጴዛው ላይ መርፌ ሲነሳ ገመቹ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን አዞረ። እኔ ስሄድ «አያምም አይደል?» ብሎ ጮኸ። «አያምም» አልኩት። ወታደር ለመሆን ጫማውን ሰጥቶ የመጣን ልጅ ምን ልበለው?

ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቅሁ። «ጌታዬ፣ የተከተብኩት ከምን በሽታ ነው?»

ሻምበሉ ሃምሳ አለቃውን አዩ። ሃምሳ አለቃው ቀጥ ብለው ቆሙ። «ወታደራዊ ምስጢር ነው» አሉ። የማያውቁ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ያልያዘኝን በሽታ ሁሉ ሳስብ ምናልባት ይህ ነው እላለሁ።

ትምህርት ቤቱ የደረስኩት እየሮጥኩ ነው። ርዕሰ መምህሩ በራቸው ላይ ቆመው ወደ ሰማይ ያያሉ። ነጠላዬ አቧራ ለብሷል፤ ፊቴ በትኩሳት ቀልቷል። ከጎናቸው ከረባት ያሰረ ወጣት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«የአቃቂዋ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ለጥቂት ነው የደረስሽው። ይህ ልጅም ለዚሁ ሥራ ነው የመጣው። ሁለታችሁም ለአንደኛ ክፍል ፊደል ታስተምራላችሁ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ አያለሁ። የተሻለው ይቀጠራል።»

ወጣቱ ቀደመኝ። ጠመኔውን አንስቶ ከሰሌዳው ከላይኛው ጫፍ ጀምሮ ትልልቅና የሚያምሩ ፊደላት ደረደረ። በዱላ እያመለከተ አስባለ። ልጆቹ አንጋጠው እየጮኹ ደገሙ። ምንም እንከን አልነበረውም። ተስፋ ቆረጥኩ ብዬ አልጽፍም፤ ብቻ የፈትል ክፍሉ ድምፅ በጆሮዬ መጣ።

ተራዬ ደረሰ። ጠመኔ አነሳሁ። ክንዴን ወደ ሰሌዳው ላክሁት፤ አልሄደም። እንደገና ሞከርኩ፤ እስከ ወገቤ መጥቶ እዚያ ቆመ። በግራዬ እንዳልጽፍ፣ በዚያ ዘመን በግራ የሚጽፍ ተማሪ እንኳ ይገረፍ ነበር። አሞኛል እንዳልል፣ ከምን እንደሆነ ብጠየቅ መልሱ ከትኬት ነው።

ልጆቹ ይጠብቃሉ። ርዕሰ መምህሩ ከኋላ ይጠብቃሉ። ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ በጉልበቴ ተንበረከክሁና ከሰሌዳው ከታችኛው ጫፍ፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ክንዴ በፈቀደው ልክ «ሀ» ብዬ ጻፍኩ።

ከኋላ ያሉት ልጆች «አይታይም!» አሉ።

«ኑ» አልኳቸው።

መጡ። ሁሉም ከወንበራቸው ተነስተው መጥተው ዙሪያዬን መሬት ላይ ተቀመጡ። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ጣቷን ዘርግታ «ሀ»ዬን ተከትላ አስኬደቻት። ሌላዋ «እኔም!» አለች። ጠመኔ ሰጠኋት። በሰሌዳው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸው የደረሰ ይመስለኛል፤ እየተጋፉ ጻፉ። እኔ ብዙ አልተናገርኩም። ለመናገርም አቅም አልነበረኝም፤ ትኩሳቱ ጨምሮ ነበር። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተራረሙ።

ርዕሰ መምህሩ ከኋላ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ወለሉ ላይ ያሉትን ልጆች አዩ።

«ይህን ዘዴ ከየት አመጣሽው?» አሉኝ።

መዋሸት አልወድም። «ዛሬ ጠዋት ነው የጀመረኝ፣ ጌታዬ። አቃቂ ባቡር ጣቢያ።»

«ከባቡር ጣቢያ?» ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ፊታቸው በራ። «ከፈረንሳዮቹ ነዋ! እኔም እኮ አውቄዋለሁ! ሰሌዳውን ወደ ልጁ ማውረድ! ሰምተሃል?» ብለው ወደ ከረባት ወዳሰረው ልጅ ዞሩ። «እኛ ልጆቹን አንገታቸውን እናጣምማለን፣ ፈረንሳዮቹ ሰሌዳውን ያወርዳሉ!»

ነገሩ እንዲህ አይደለም ልል አፌን ከፈትኩ። ርዕሰ መምህሩ ግን ስለ ፈረንሳይ ትምህርት ማስረዳት ጀምረው ነበር፤ ሰው ሲናገር ማቋረጥ ደግሞ አልተማርኩም። ሲጨርሱ ተቀጥሬያለሁ።

ክንዴ በሳምንቱ ዳነ። እስከ ሰሌዳው ጫፍ ይደርስ ነበር፤ ማንም በሌለበት ሞክሬዋለሁ። ግን ምን ያደርጋል? ርዕሰ መምህሩ በዚያው ሳምንት አስተማሪውን ሁሉ ሰብስበው ከእንግዲህ በዚህ ትምህርት ቤት ከሰሌዳው እኩሌታ በላይ የሚጽፍ እንዳይኖር አዘዙ። የሒሳብ አስተማሪያችን በሞጆ ከተማ ከእሳቸው የሚረዝም ሰው ያልነበረ ጎልማሳ ነበሩ። ለስምንተኛ ክፍል ተንበርክከው ሦስት ማዕዘን ሲሥሉ በመስኮት አይቻቸዋለሁ። በእረፍት ሰዓት ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው ላይ እያራገፉ ወደ እኔ መጡ።

«እኅቴ» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የፈረንሳዮቹ ዘዴ እስከ ስንተኛ ክፍል ነው?»

«ገና አልተወሰነም» አልኳቸው።